ጉልበቷ ድኗል፤ ልቧስ?

ሐኪም «ድነሻል» ማለት ይችላል። «ከእንግዲህ አትፍሪ» ብሎ ማዘዝ ግን አይችልም። የዚህ ወር ዓምዳችን በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ስላለው ርቀት ነው።

ጥያቄውን የላኩልኝ በሚኒሶታ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። የ14 ዓመት ልጃቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፊገር ስኬቲንግ ስትሠራ ቆይታለች፤ በሙዚቃ ታጅቦ በበረዶ ላይ የሚሠራውን ስፖርት ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ከዝላይ ስታርፍ የቀኝ ጉልበቷ ተጠመዘዘ፤ ኤሲኤል የሚባለው የፊተኛው የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከ11 ወር በኋላ ሐኪሟም ፊዚዮቴራፒስቷም ፈቅደውላት ወደ በረዶው ተመለሰች። ትንሸራተታለች፣ ትሽከረከራለች፤ መዝለያው ሲቃረብ ግን ፍጥነቷን ትቀንስና ሜዳውን ዞራ ትመለሳለች። እናት «አይዞሽ» እያሉ ደክመዋል። አባት ለሜዳው፣ ለአሠልጣኙና ለጫማው የሚወጣውን ገንዘብ እያሰቡ «ካልሆነላት ለምን አትተወውም?» ማለት ጀምረዋል። ልጅቷ ስትጠየቅ የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉልበቴ አያመኝም፣ ግን አላምነውም።

አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ነገሩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ለብዙዎቻችን በረዶ ማለት በክረምት የቆርቆሮ ጣራ የሚደበድበው ነው። ነገር ግን ጉልበቱን ታሞ ከተመለሰ በኋላ ኳስ ሲመጣለት እግሩን የሚሰበስብ የሰፈር ልጅ፣ ወይም ደረጃ ላይ ወድቃ ካገገመች ወዲህ መደገፊያውን ሳትጨብጥ የማትወርድ አክስት የሌለችው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስፖርቱ ይለያይ እንጂ ፍርሃቱ አንድ ነው።

ፍርሃቱ ስንፍና አይደለም

ውድ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅዎ የምትፈራውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት ስኬተር ፍጥነት ይዛ ትነሳለች፣ አየር ላይ ትሽከረከራለች፣ ከዚያም ወደ ኋላ እየሄደች በአንድ እግር ታርፋለች። የምታርፍበት ብረት ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በዚያች ቅጽበት የሰውነቷ ክብደት ብዙ እጥፍ ሆኖ በአንድ ቁርጭምጭሚት፣ በአንድ ጉልበትና በአንድ ዳሌ ላይ ይወርዳል።

ሌላም አለ። አብዛኞቹ ስኬተሮች አየር ላይ የሚዞሩት ወደ ግራ ነው፤ ወደ ግራ የሚዞር ሁሉ ደግሞ የሚያርፈው በቀኝ እግሩ ነው። ሳልኮው ይሁን ሉትዝ ወይም አክሰል፣ የስድስቱም ዋና ዋና ዝላዮች አነሳሳቸው ይለያያል እንጂ ማረፊያቸው አንድ ነው። ኳስ ተጫዋች የተጎዳበትን እንቅስቃሴ ለጊዜው እየሸሸ ሊጫወት ይችል ይሆናል። ልጅዎ ግን የትኛውንም ዝላይ ብትመርጥ መጨረሻው ያው የተጎዳው እግር ነው። መሸሸጊያ የላትም።

አእምሮ ደግሞ ሕመም ያመጣበትን እንቅስቃሴ አይረሳም። ያ እንቅስቃሴ ሲቃረብ «ቁሚ» ይላታል። ይህ ሰውነት ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ነው። ችግሩ በግማሽ ልብ የተዘለለ ዝላይ ከሙሉ ዝላይም፣ ካለመዝለልም የባሰ አደጋ ያለው መሆኑ ነው። የተጠራጠረች ልጅ አየር ላይ ቀድማ ትከፈታለች፣ ተጣማ ታርፋለች፣ ጉልበቷም እንደገና ይጠመዘዛል። «ዝም ብለሽ ዝለይ» የሚለው ምክር መልካም ከማሰብ ቢመጣም የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ልጅዎ ብቻዋን እንዳልሆነች የሚያሳይ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ክሌር አርደርን የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ የኤሲኤል ቀዶ ሕክምና ስላደረጉ ስፖርተኞች የተሠሩ 48 ጥናቶችን ሰብስበው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመው ነበር። በጉልበት ምርመራ 90 በመቶ ያህሉ ጤናማ ወይም ለጤናማ የቀረበ ውጤት አግኝተዋል። ወደ ውድድር ስፖርት የተመለሱት ግን 44 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስፖርታቸውን የተዉት ወይም የቀነሱት ሰዎች ከሁሉ በላይ የጠቀሱት ምክንያት እንደገና እጎዳለሁ የሚል ፍርሃት ነው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008፣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከኤሲኤል ጉዳት የሚመለስ ስፖርተኛ በስሜቱ፣ በመተማመኑና አደጋን በሚያይበት መንገድ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነ የሚለካ የ12 ጥያቄዎች መጠይቅ አዘጋጅተው ነበር። ዛሬ ብዙ ፊዚዮቴራፒስቶች ይጠቀሙበታል። የልጅዎን ባለሙያ «ጉልበቷን ለካችሁ፤ መተማመኗንስ ለክታችኋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የታካሃሺ መንገድ

በፊገር ስኬቲንግ የጉልበት ጉዳት ሲነሳ የጃፓኑ ዳይሱኬ ታካሃሺ ስም ይነሳል። በ2007 በዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ አግኝቶ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ፣ በ2008 መኸር በልምምድ ላይ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ የዚያን ዓመት የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ አለፈው። የተመለሰው በ2009 መኸር ነው።

በየካቲት 2010 በቫንኩቨር ኦሊምፒክ ዋናውን ትርኢቱን የጀመረው በአራት ዙር ዝላይ ነበር። ወደቀ። ዓለም እያየው፣ ቀዶ ሕክምና ባደረገበት ጉልበት ሊያርፍ ሲል ወደቀ። ተነሳና ቀጠለ። በዚያ ምሽት የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ፤ በወንዶች ፊገር ስኬቲንግ ጃፓን ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። በቀጣዩ ወር በጣሊያን ቱሪን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ልጅዎ ሜዳሊያ ታምጣ ለማለት አይደለም። ልብ እንድንለው የምፈልገው መውደቁን ነው። ብዙዎቻችን መተማመን ማለት «አልወድቅም» ብሎ ማመን ይመስለናል። በበረዶ ላይ እንዲህ ያለ እምነት የሚቆየው እስከ መጀመሪያው ውድቀት ብቻ ነው። የሚበረክተው እምነት «ብወድቅም እነሳለሁ፤ ጉልበቴም ይሸከመኛል» የሚለው ነው። ይህ ደግሞ በምክር አይገኝም፤ በማስረጃ ይከማቻል።

ማስረጃ የሚከማችበት መሰላል

ከአሠልጣኟና ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር ተቀምጣችሁ እንዲህ ያለ መሰላል ሥሩ።

አንደኛ፣ ከበረዶው ውጪ ጀምሩ። ፊዚዮቴራፒስቶች በአንድ እግር አዘልለው ርቀቱን የሚለኩበት ፈተና አላቸው። ብዙዎቹ የተጎዳው እግር የጤነኛውን እግር ቢያንስ 90 በመቶ እንዲደርስ ይፈልጋሉ። ውጤቱ በሐኪም ፋይል ውስጥ ተዘግቶ አይቅር። ልጅቷ ቁጥሩን በራሷ እጅ ትጻፈው፤ «ደህና ነሽ» ከሚል ቃል ይልቅ በዓይኗ ያየችው ልኬት ያሳምናታል።

ሁለተኛ፣ መውደቅን እንደገና ትማር። ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ማለት፣ ወደ ጎን በዳሌ መውደቅ፣ እጅን ለመደገፍ አለመዘርጋት፣ ከወደቁ በኋላ ጣትን ከበረዶው ፈጥኖ መሰብሰብ። ስፖንጅ ያለው የዳሌ መከላከያ ልብስ ይገኛል፤ ከሱሪዋ ሥር ትልበሰው። በዝግታ እየሄደች ሆን ብላ በተደጋጋሚ ትውደቅና ትነሳ። መውደቅ የምታውቀው ነገር ሲሆን ግርማው ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ከታችኛው እርከን ትነሳ። ዋልትዝ የሚባለውን የግማሽ ዙር ዝላይ ሕፃናት ከሁሉ በፊት ይማሩታል። የ14 ዓመት ልጅ ታናናሾቿ ፊት እሱን ስትሠራ ልታፍር ትችላለች። ነገር ግን ማረፊያው ከትልልቆቹ ዝላዮች ጋር አንድ ነው፤ በዚያው እግር፣ በዚያው የብረት ጠርዝ። ከዚያ ባለ አንድ ዙር ሳልኮውና ቶ ሉፕ፣ ቀጥሎም ሌሎቹ። አክሰል ወደ ፊት እያዩ የሚነሱበት በመሆኑ ግማሽ ዙር ይጨምራል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይቆይ። በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደምትዘል አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ነገሩ ቢያምርላትም በዚያው ታቁም። በማግስቱ ጠዋት ጉልበቷ ካላበጠ ወደሚቀጥለው እርከን ትውጣ።

አራተኛ፣ ድጋፍ መጠቀም ነውር አይደለም። አሠልጣኞች ስኬተሯን ወገቧ ላይ በቀበቶ አስረው ከላይ በገመድ የሚይዙበት መሣሪያ አላቸው። ትላልቅ ስኬተሮችም አዲስ ዝላይ ሲማሩ ይጠቀሙበታል።

አምስተኛ፣ አንድ ትንሽ ደብተር ትያዝ። ከዝላዩ በፊት ጉልበቷን ምን ያህል እንደምታምነው ከ10 ትስጠው፤ ከዝላዩ በኋላም እንደገና ትስጠው። በፊት 3፣ በኋላ 6 ብላ ከጻፈች ፍርሃቷ ከእውነቱ በላይ ሲናገር እንደነበር ራሷ ታየዋለች። ተስፋ የቆረጠች ቀን ወደ ኋላ ገልጣ የምታነበው ነገርም ይኖራታል።

ቤት ውስጥ የምንለው

ከልምምድ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ በመኪና ውስጥ የሚባለው ነገር ከልምምዱ ባላነሰ ይከብዳል። «ዛሬ ዘለልሽ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው፤ ማለፍ ወይም መውደቅ። «ዛሬ ምን ሞከርሽ?» ብለው ቢጠይቋት ግን የምትናገረው አታጣም። ዝምታ ከመረጠችም ዝምታውን ያክብሩላት።

«አይዞሽ» መልካም ቃል ነው፤ እናቶቻችን ያሳደጉን በእሱ ነው። ብቻውን በየሰዓቱ ሲደጋገም ግን ለልጅ «ፍርሃትሽን ቶሎ ጨርሺልኝ» የሚል ጥያቄ ሊመስላት ይችላል። «መፍራትሽ ይገባኛል፤ ቀስ ብለን እናየዋለን» የሚለው ሸክም ያቀልላታል።

ስለ ገንዘቡ ለአባትየው አንድ ቃል አለኝ። ወጪው እውነት ነው፤ ይህ ስፖርት ውድ ነው። ሒሳቡ ግን በወላጆች መካከል ይነገር። «ይህን ሁሉ አውጥተንብሽ» የሚል ቃል የሰማች ልጅ በረዶው ላይ ስትወጣ በአንድ እግሯ የራሷን ክብደትና የቤተሰቡን ዕዳ አብራ ትሸከማለች። ከጓደኞቿ ጋር ማወዳደሩም ይቅር። በዚህ ዓመት ሌሎቹ ስንት ዝላይ እንደጨመሩ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ፍርሃቱ እውነት ሲናገር

ፍርሃት ሁሉ በትዕግሥት የሚታለፍ አይደለም። ጉልበቷ ከልምምድ በኋላ የሚያብጥ ከሆነ፣ ስትራመድ ድንገት የሚከዳት ከሆነ፣ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ የሚል ከሆነ፣ መሰላሉን አቁማችሁ ወደ ሐኪሟ ተመለሱ። በወጣቶች ዘንድ ኤሲኤል እንደገና የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ያለ በመሆኑ ብዙ ባለሙያዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ 9 ወር ሳይሞላ ወደ ዝላይ ስፖርት መመለስን አይመክሩም። ልጅዎ 11 ወር መጠበቋ ጥሩ ነው፤ ተጨማሪ ሁለት ሦስት ወር ቢያስፈልጋትም የሚያመልጣት ዓለም የለም።

እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከቀነሰች፣ ከጓደኞቿ ከራቀች ደግሞ ጉዳዩ ከዝላይ አልፏል። በዚህ ጊዜ የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የልጆች አማካሪ ማግኘት ያስፈልጋል። ወጌሻ ጋር መሄድ እንደማያሳፍር ሁሉ ይህም አያሳፍርም።

በመጨረሻም ከባዱ ጥያቄ አለ። ሁሉንም ሞክራ፣ ጊዜ ወስዳ፣ «መዝለል አልፈልግም» ብትልስ? ውሳኔው የደከመው ልቧ ሳይሆን የተረጋጋው ልቧ መሆኑን ለማየት ጥቂት ወራት ይስጧት። ከዚያ በኋላም ከጸናች ይቀበሏት። በረዶው ለማይዘሉም ቦታ አለው። አይስ ዳንስ በሚባለው ዘርፍ ጥንዶች የሚወዳደሩት በእግር ሥራ፣ በአብሮነትና ሙዚቃን በመከተል ነው፤ ትልልቆቹ ዝላዮች በውስጡ የሉም። ታካሃሺ ራሱ ውድድር ካቆመ በኋላ ተመልሶ፣ በ2020 በ34 ዓመቱ ወደ አይስ ዳንስ ተሻግሯል። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ከጓደኛው ካና ሙራሞቶ ጋር በአራቱ አህጉራት ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ አግኝቷል።

ስለዚህ ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ብቻ ልስጥዎ። ዝላይ የሚለውን ቃል ለሰባት ቀን ከቤት ያውጡት። ልጅዎን ወደ ሜዳው ያድርሷት፣ ትኩስ ነገር በቴርሞስ ይያዙላት፣ ስትወጣ ምን እንደሞከረች ይጠይቋት። ደብተሩን ለመግዛት አብራችሁ ሂዱ፤ ቀለሙን እሷ ትምረጥ።

ለልጅዎ ጽናቱን፣ ለእናንተም ትዕግሥቱን ይስጣችሁ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።