«ክፈሉ!» ማለትማ ማን ያቅተዋል? ደረሰኙስ?

ሰሞኑን በማለዳ ከቤቴ ስወጣ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም መግቢያ ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ግማሽ ገጽ ወረቀት ጠበቀችኝ። «ለውኃ ፓምፕና ለልዩ ልዩ ወጪዎች እያንዳንዱ ቤት ብር 2,500 በሦስት ቀን ውስጥ ገቢ እንዲያደርግ እናሳስባለን። በማይከፍል ላይ ውኃ ይቋረጣል። ኮሚቴው» ትላለች። አለቀ! ፓምፑ ስንት እንደሚገዛ የለም። «ልዩ ልዩ» የተባለው ምን እንደሆነ የለም። ማን ስብሰባ ጠርቶ፣ ማን እጁን አውጥቶ እንደወሰነ የለም። ማኅተም እንኳ የለም። ማስፈራሪያው ግን አለ።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ እናት ከኋላዬ መጥተው «ልጄ፣ መነጽሬን ትቼው ነው፣ ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ ከጡረታዬ ምን ሊተርፈኝ ነው?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተመለሱ።

ለመሆኑ ይህቺ ወረቀት ያልተለጠፈችበት ብሎክ የት አለ? ጀሞ ይሁን ሰሚት፣ የካ አባዶ ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ ያውቃታል። ስለዚህ ዛሬ ሳንሸፋፍን እንነጋገር። መጀመሪያ የምናገረው ግን ለኮሚቴው አይደለም፤ ለእኛው ለነዋሪዎች ነው።

ጎበዝ፣ የጋራ ቤት ባለቤት መሆን ምን ማለት እንደሆነ ብዙዎቻችን አልገባንም። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ያስቀመጠው ነገር ግልጽ ነው። የኮንዶሚኒየም ቤት የገዛ ሰው ከበሩ ወዲህ ያለውን ለብቻው፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ ይይዛል። ጣራው፣ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ታንከሩ፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ ግቢው የሁሉም ነው። የሁሉም ከሆነ ወጪውም የሁሉም ነው። «እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ጣራ ቢያፈስ ምን አገባኝ?» የሚል ሰው ተሳስቷል። «እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ፍሳሽ ቢፈነዳ አይሸተኝም» የሚለውም እንዲሁ። ቤቱን አከራይቶ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ተቀምጦ ኪራዩን በየወሩ የሚቀበል፣ የጥበቃና የፅዳት ሲባል ግን ስልኩን የሚዘጋውማ ከሁሉም የባሰ ነው። ተከራዩ «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል፣ ባለቤቱ «ተከራዩን ጠይቁ» ይላል፣ በመካከሉ ፓምፑ ይቃጠላል። ክፍያው ምጽዋት አይደለም። ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ኮሚቴው አጨብጭቦልኝ ይሆናል። አይቸኩል!

ያው አዋጅ ግዴታውን ለብቻው አልተወውም። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው ይላል። ማኅበሩ ማለት ደግሞ ሊቀመንበሩ አይደለም። ገንዘብ ያዡም አይደለም። ማኅበሩ እኛ ነን፤ እኔ፣ አንተ፣ እኚያ ምድር ቤት ያሉት እናት። ኮሚቴው የተመረጠ አገልጋይ ነው፤ የሚሠራውም በመተዳደሪያ ደንብ ነው። በእኛ ሰፈር ግን ነገሩ ተገለበጠና አገልጋዩ ጌታ ሆነ፣ ባለቤቱ «ምነው ዘገየህ?» እየተባለ የሚገሠጽ ባለዕዳ ሆኖ አረፈው።

የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማን ወሰነ? የስብሰባው ቃለ ጉባዔ የታለ? ሁለተኛ፣ በምን ድርሻ? ስቱዲዮ የያዘች መበለትና ባለ ሦስት መኝታ ቤት የያዘ ነጋዴ እኩል እንዲከፍሉ የትኛው ደንብ ደነገገ? ሦስተኛ፣ የት ገባ? በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው ወይስ በአንድ ሰው ኪስና ስልክ? አራተኛ፣ ምን ቀረ? ያለፈው ዓመት መዋጮ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የጋራ መጠቀሚያው ቤት ኪራይ ተደምሮ ተቀንሶ ስንት ሆነ? የጋራ አዳራሽ ለሠርግና ለለቅሶ ተሠርቶ መጋዘን ሆኖ ሲከራይ የምናይ ሰዎች ይህን ብንጠይቅ ኃጢአታችን ምንድነው?

«ኮሚቴው እኮ ያለ ደመወዝ ነው የሚሠራው» ይባላል። እውነት ነው፤ ሌሊት ተነስቶ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ሲፈልግ የሚያድር፣ ከኪሱ የሚጨምር የኮሚቴ አባል አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጠው። ሒሳብ ግልጽ ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚጠቀመው እሱው ነው፤ ስሙ ከሐሜት ይድናል። ደረሰኝ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እንድናስታውስ እያስገደደን ነው። ውኃ ቆርጦ ማስፈራራትም ዕዳ ማስከፈል አይደለም፣ ጡንቻ ማሳየት ነው። ዕዳ ያለበትን ሰው በጽሑፍ ማስጠንቀቅ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ማቆም ሲቻል በጡረተኛ ጉሮሮ ላይ ቧንቧ መዝጋት ምን የሚሉት አስተዳደር ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ላይ እንመልከት። ወረቀቷ ላይ የሠፈረው ወጪ ሁሉ በእርግጥ የእኛ ነው? በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ ከአሥር ዓመት በላይ የቆጠበና የጠበቀ ሰው ስንቱ ነው? ዕጣው ሲወጣለት እልል ብሎ ገባ፤ ቁልፉን ሲረከብ ግን ውኃ የለም፣ መብራት የለም፣ ፍሳሹ በአግባቡ አልተገናኘም። ከዚያ «ተደራጁና አዋጡ» ይባላል። ይህ ጥገና አይደለም፤ ያላለቀ ሥራን በገዢው ኪስ መጨረስ ነው። ያረጀ ፓምፕ መለወጥ የነዋሪው ነው፤ ሲረከቡት ጀምሮ ያልሠራ ፓምፕ ግን የሠራውና ያስረከበው አካል ጉዳይ ነው። ሁለቱን ለይቶ የማይነግረን ኮሚቴ ባያውቀውም ለኮንትራክተሩ ጠበቃ እየሆነለት ነው። ፎቁ እየረዘመ ሲሄድ፣ እንደ ሰንጋ ተራ 40/60 ሊፍት ሲጨመርበት፣ ይህ ጥያቄ በሺዎች የሚቆጠር ብር እንደሚሆን ከወዲሁ ይታወቅ።

«የሌላው አገር ሰው እንዴት ያደርጋል?» ለሚል እንግሊዝን ልጥቀስ። እዚያ ብዙ አፓርታማ የሚሸጠው በሊዝ ነው፤ ገዢው ቤቱን ለዓመታት ይይዛል፣ ሕንፃው ግን የባለ መሬቱ ነው፤ የጋራ ወጪውንም ባለ መሬቱ ያስከፍለዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጋቸው ክፍያው ተገቢ መጠን ያለው መሆን አለበት ይላል። አንድን ቤት ከ250 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ ትልቅ ጥገና ሲመጣ ነዋሪውን አስቀድሞ ማማከር ግድ ነው፤ ያላማከረ ባለ መሬት ከዚያ በላይ ለማስከፈል የልዩ ፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወጪው ከወጣ 18 ወር እስኪያልፍ ሒሳቡን ያልጠየቀ፣ በጽሑፍም ያላሳወቀ፣ መብቱን ያጣል። ነዋሪው ደረሰኙን አሳዩኝ ማለት ይችላል፣ መጠኑንም በዚያው ፍርድ ቤት ይሟገታል። ይህም ሆኖ መከራው አልቀረላቸውም፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰው ካለቀ በኋላ፣ በሌሎች ሕንፃዎች ያለውን ተቀጣጣይ ልባስ ለመቀየር ዕዳው ብዙ ቤት ገዢዎች ላይ ወድቆ ነበር። ጮኹ፣ ተደራጁ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹን የሚከላከል ሕግ ወጣ። ሕንፃቸውን ራሳቸው የማስተዳደር መብት እንኳ በሕግ የወጣላቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ ግን ያንን መብት በአዋጅ ቁጥር 370 ገና ከመነሻው ይዘነዋል። ከላያችን ባለ መሬት ሎርድ የለም፤ ማኅበሩ ራሳችን ነን። ታዲያ ማን ያዘን? ስብሰባ ሲጠራ የምንቀር እኛ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም» እያልን የምንተርት እኛ! አፋችን ውስጥ ዝምቡ አልገባም፣ እሺ፤ ኪሳችን ውስጥ ግን ገብቷል።

ምክሬ አጭር ነው። በንዴት አልከፍልም አትበሉ፤ ፓምፑ ሲቆም የሚጠማው ጎረቤታችሁ ነው። ክፈሉ፣ ግን በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ክፈሉ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ያልተስማማችሁበትን በጽሑፍ አስፍራችሁ ግልባጩን አስቀሩ። ደንቡን ጠይቃችሁ አንብቡ። ተፈራርማችሁ ጠቅላላ ጉባዔ አስጠሩ፤ ሒሳቡ ኦዲት ይደረግ።

እኔ የዚያን ቀን ማታ ያቺን ወረቀት ከግርጌዋ «ደረሰኙስ?» ብዬ ጽፌባት ገባሁ። በማግስቱ ስወርድ ከሥሯ «ቃለ ጉባዔውስ?» የሚል ተጨምሯል። ከዚያ በታች በሌላ እጅ ጽሑፍ «የመኪና ማቆሚያውስ?» ይላል። ከሁሉም በታች በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ በትልልቁ፣ «እኔም እጠይቃለሁ» የሚል ሰፍሯል። እኚያ እናት መነጽራቸውን አግኝተዋል ማለት ነው።

ኮሚቴው ለእሁድ ስብሰባ ጠርቷል። የቀረ ሰው ኋላ እንዳያማርር!