የሐይቅ ዳር መሬት በመስከረም ይለካ

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። ጣና ዳር ያለ ቦታ እንድለካ የምጠራው አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ባለሀብቱ ክረምት ሳይገባ መሠረት ማውጣት ስለሚፈልግ ይቸኩላል፤ መኪናም በደረቁ እስከ ደንገሉ ድረስ ይገባል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከብት ይግጥበታል። ቶታል ስቴሽኑን ተክዬ የምመዘግበው ቁጥር አይዛነፍም። የተሳሳተው ወሩ ነው።

ጣና በጣም ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የደጋውን ውኃ አምጥተው እስኪያስገቡ ጊዜ ይወስዳል። በሁለቱ ወቅቶች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው። በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ በሚያዘቀዝቅ ሜዳ ላይ ግን ውኃው 150 ሜትር ወደ መሬት ይገባል ማለት ነው፤ ከዚህም የባሰ ጠፍጣፋ ሜዳ ሞልቷል። በግንቦት የምተክለው ችካል እንግዲህ ሐይቁ በየዓመቱ የሚተኛበትን መሬት ለሆቴል ያስረክባል።

ያ መሬት ባዶ አይደለም። ወንዞቹ ይዘውት የሚመጡትን ደለል አስቀርቶ የሚያጣራው እዚያ የበቀለው ደንገልና ፊላ ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚራቡት በዚያ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ነው። ታንኳ የሚታሰረውም ከዚያው ደንገል ነው። ዩኔስኮ በ2007 የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል፤ ደስ ይላል፣ ችካል የሚተክለው ግን ዩኔስኮ አይደለም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ እንዳይጀመር ይከለክላል። የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው አካልም በቅድሚያ ይሁንታው መኖሩን እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። ቦታ የሚያስረክበውን አካል ግን በዚያው አንቀጽ ስሙን አያነሳውም። እኔ በየቦታው የማየው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ከቦታ ሲጀምር ነው፦ ሊዝ፣ ካርታ፣ አጥር፣ ገረጋንቲ የጫነ ሲኖትራክ፤ ጥናቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ገምጋሚው ሲደርስ ደንገል የነበረበት ላይ የተጠቀጠቀ ቀይ መሬት ያገኛል። ምን ይበል?

ከዓመታት በፊት የአንድ ሆቴል ጥናት እጄ ገብቶ ነበር። የቦታው ገለጻ “የግጦሽ መሬት” ይላል፤ ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው ፎቶግራፍም ሣርና ላሞች ያሳያል። ጥጉ ላይ ግን ሊደርቅ የቆመ ታንኳ አለ። በግጦሽ መሬት ላይ ታንኳ ምን ይሠራል? የጠየቀ አልነበረም። ሕንፃው ቆመ፤ በመጀመሪያው መስከረም ምድር ቤቱ ውኃ ሞላና ፓምፕ ቀን ከሌት ሲያንኳኳ ከረመ። መተኛ ያጣው ውኃ ደግሞ ወደ ጎረቤት ግቢዎች ዞረ። ለጎረቤት ፓምፕ የሚገዛለት የለም።

ባለሀብቶቹን ሁሉ ስግብግብ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ እኔ አላደርገውም፣ እንጀራዬም ከእነሱ ነው። ባንክ ወለድ ይቆጥርባቸዋል፣ ሊዙም ግንባታ የሚጀመርበት ቀነ ገደብ አለው። መስከረም እስኪደርስ ጠብቁ ቢባሉ የሚጮኹት እውነታቸውን ነው። አዋጁ ራሱ የጥናት ዘገባ የደረሰው መሥሪያ ቤት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲወስን ነው የሚጠብቅበት። በግንቦት የገባን ዘገባ በ15 ቀን የሚወስን ባለሙያ የሐይቁን ሙላት ሳያይ ይፈርማል።

ስለዚህ የሚጠብቀው ባለሀብቱ ሳይሆን ቦታውን የሚያስረክበው ከተማ መሆን አለበት። በመስከረም መጨረሻ የከተማው ቀያሾች ዳርቻውን ይዙሩት፤ ውኃው የደረሰበትን፣ ደንገልና ፊላ የበቀለበትን መስመር ይለኩና የኮንክሪት ችካል ይትከሉበት። አንድ ዓመት ዝናብ ሊያንስ ስለሚችል ደጋግመው ይለኩ፤ የሩቁ መስመር ይያዝ። ከመስመሩ እስከ ሐይቁ ያለው ቦታ ለጨረታ አይውጣ። ካርታ አዘጋጁም ይሁንታውን ካላየ አያትም። ከመስመሩ ወዲያ፣ በየብሱ በኩል የሚገነባ ሰው ያኔ የሚጠብቀው የራሱን ጥናት ብቻ ይሆናል፤ ሥራውም ይፈጥንለታል።

“ቅጣቱ ያስፈራል” የሚሉኝ አሉ። ያለ ይሁንታ ለጀመረ ሰው አዋጁ ያስቀመጠው መቀጮ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ነው። በ1995 ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ ሆቴል ባለቤት የገረጋንቲ ማመላለሻ ሂሳብ ላይ ይደምረዋል። ፍርድ ቤት ጥፋተኛው የጎዳውን እንዲመልስ ማዘዝ እንደሚችልም ተጽፏል፤ ሁለት ሜትር ሙሌት የተጫነበትን ደንገል እንዴት እንደሚመልሰው ግን እኔም፣ የማውቃቸው መሐንዲሶችም መልስ የለንም።

ካርታ አስቀድመው የያዙት ምን ይሁኑ? እዚህ ላይ ጨካኝ መሆን አልፈልግም። ገረጋንቲ ያልተደፋበትን ከተማው በምትክ ቦታ ይለውጠው፤ ወጪው ይከብዳል፣ ቢሆንም ስህተቱ የሰጪውም ነው። ፍጥነት ግን ያስፈልጋል፤ የመስመሩ ወሬ ከቀያሾቹ ቀድሞ ከወጣ ሲኖትራኮቹ በሌሊት ይሠራሉ።