ለካዱ ዘመን መታሰቢያ ቤት፦ መዋጮው ከእኛ ይጀመር



ስለ አሰላ የሚጠይቅ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ሯጮቻችንን ነው። ደግ፣ ያኮራል። ነገር ግን ይህች ከተማ ሌላም ታሪክ አላት፤ ያውም በየጓሯችን ዝጎ የተቀመጠ። በካዱ ዘመን የመጣ በበሬ የሚጎተት የብረት ማረሻ፣ የወተት ቢዶን፣ የማዳበሪያ ዱቤ የተጻፈበት ደብተር በስንት ቤት እንዳለ ማን ቆጠረው? ቁራሌው ግን ያውቀዋል። በኪሎ እየመዘነ ይወስደዋል።

ለዚያ ዘመን መታሰቢያ የሚሆን ቤት ይኑረን የሚለው ሐሳብ በመካከላችን ሲነሣ ሲወድቅ ቆይቷል። የሚወድቀውም ሁልጊዜ በገንዘብ ጥያቄ ነው። አንዱ «ስዊድኖች ይስጡን፣ የእነሱ ሥራ እኮ ነው» ይላል። ሌላው «ውጭ አገር ያሉት ልጆቻችን ዶላር ይላኩ» ይላል። ሁለቱም ቢሰጡ አንጠላም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን የመጀመሪያው ብር ከራሳችን ኪስ ይውጣ የሚል ነው፤ ምክንያቱም ድህነትን ለመደበቅ ወይም ለኩራት አይደለም።

ነገሩን ላላዩት ወጣቶች ያህል፣ ካዱ የምንለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ተቋቁሞ መቀመጫውን አሰላ ያደረገ ድርጅት ነበር። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ቤንግት ኔክቢ የሚባሉ ስዊድናዊ ሲሆኑ፣ ስለ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1971 መጽሐፍ አሳትመዋል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ለገበሬው ማድረስ፣ ወተት ሰብስቦ ለገበያ ማቅረብ፣ የአርሲን ላም ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር ማዳቀል፣ ለበሬ የሚስማማ የእርሻ መሣሪያ መሥራት፣ ይህ ሁሉ እዚሁ አጠገባችን ተሞከረ። ቁሉምሳም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የስንዴ ምርምር ማእከል ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ድርጅቱ አርዱ ተብሎ ሥራው ወደ መላው አርሲ ሰፋ።

እዚህ ድረስ ያለው ለጆሮ ይጥማል። የሚቀጥለው ግን ብዙ ጊዜ በለሆሳስ ነው የሚወራው። ዘሩና ማዳበሪያው የስንዴውን ምርት ሲያበዛው መሬቱም ተወደደ። ባለመሬቱ ከጭሰኛ ጋር ከመካፈል በትራክተር ማሳረስ ይሻለኛል አለ፤ ጭሰኛውም ልጆቹንና ከብቱን ይዞ ተነቀለ። ድርጅቱ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ሆኖ ሳለ፣ ብዙው ትንሽ ገበሬ ከማሳው ወጣ። የጭሰኛውን መብት ያስጠብቃል የተባለው የሕግ ረቂቅ ፓርላማ ገብቶ ሳይጸድቅ ቀረ። ጭሰኝነት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። (አንባቢ እንዳይምታታበት፦ ካዱ የተቋቋመበት 67 የፈረንጆቹ፣ አዋጁ የወጣበት 67 የእኛ ነው። በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። እኛ ስለ ላሟና ስለ ስንዴው ስናወራ፣ በእነዚያ ዓመታት የተነቀለውን ሰው እንዘለዋለን።)

እንግዲህ የገንዘቡ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቤት ያሠራ ሰው ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሰቀል ባይናገርም ይታፈርለታል። ስዊድኖችን መውቀሳችን አይደለም፤ ከእነሱም የመፈናቀሉን ነገር በግልጽ የጻፉ አሉ። ነገር ግን ለጋሽን ለማመስገን የተሠራ ቤት የላሟን ፎቶግራፍ በትልቁ ሰቅሎ የጭሰኛውን ጎጆ ይረሳል። በእኛ እድር ውስጥ ደግሞ የባለመሬቱም የጭሰኛውም የልጅ ልጅ አለ፤ በካዱ ጊዜ ሥራ ፍለጋ ከሌላ አገር መጥቶ እዚሁ የቀረው የመካኒክ ልጅም አለ። ሁሉም እኩል ቢያዋጣ ሁሉም «የእኔ አባት ታሪክስ የታል?» ብሎ የመጠየቅ መብት ይኖረዋል።

እድር ሙዚየም ያቆማል ወይ የሚል ካለ፣ አዎን ያቆማል። አሜሪካን አገር ቺካጎ ከተማ ያሉ የፖላንድ ስደተኞች መረዳጃ ማኅበር ነበራቸው፤ አባል ሲሞት ለቤተሰቡ የሚደርስ፣ እንደ እኛው እድር ያለ። ያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 በራሱ ሕንፃ ውስጥ ሙዚየም አቋቁሞ በ1937 ለሕዝብ ከፈተው፤ ዛሬም አለ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሐረር ላይ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የከተማቸውን ቅርስ በግላቸው ሲሰበስቡ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1998 በመኖሪያ ቤታቸው ለጎብኚ ከፈቱ። ሰፊው የራስ ተፈሪ ቤት የተሰጣቸው በ2007 ነው። ዕቃው ቀደመ፣ ቤቱ ተከተለ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ ከብሎኬትና ከቆርቆሮ ነው የምንጀምረው።

ስለዚህ ሒሳቡ ይህን ይመስላል። 300 አባወራ ከእድሩ ክፍያ ጋር በወር 20 ብር ቢጨምር በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። አዳራሽ አያሠራም፤ ይታወቃል። ለአንዲት ክፍል መደርደሪያ፣ ለቁልፍ፣ ለመዝገብና የሽማግሌዎችን ቃል ለመቅዳት ግን ይበቃል። ቅጂው ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል፤ ካዱ ሲጀመር የ20 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ 80 ተጠግቷልና። ጎረምሶች ሁሉ ስልክ ይዛችኋል፤ አያታችሁ ዘንድ ቁጭ ብላችሁ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ እንዳወሩ ቅዱ።

አንድ መደርደሪያ ለእንኮይ ስንዴ ብንተውለት ደስ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ወጥቶ ስንቱን ቤት ካጠገበ በኋላ በ1993 እና በ1994 በአርሲና በባሌ የግንድ ዋግ መታው። የሚያሳዝነውም ይቀመጥ። የአዋጪዎች ስም ግድግዳ ላይ ይጻፍ ከተባለ ግን በፊደል ተራ እንጂ በገንዘቡ ልክ አይሁን፤ 20 ብር የሰጡት አዴ ከ20,000 ሰጪው በታች የሚጻፉበት ምክንያት አይታየንም።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለውይይት እንዲቀርብ እንጠይቃለን። እስከዚያው ግን ዕቃ ያላችሁ ኦቦዎችና አዴዎች፣ ጋሼዎችና እትዬዎች፣ ለቁራሌው አትስጡብን። የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣና ምን ይሠራበት እንደነበር በወረቀት ጽፋችሁ ዕቃው ላይ እሰሩበት።