ሜዳሊያው ለአንገት፣ እገዳው ለደጃፍ

የሽልማት ሰሞን በመጣ ቁጥር የሚያንገበግበኝ አንድ ቃል አለ፤ “በጎ አድራጊ” የሚሉት። ቃሉ በራሱ ምንም አልበደለ። የተራበ ያበላ፣ ወላጅ አልባ ያሳደገ ሰው ቢመሰገን ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም። የሚከፋኝ ለፍትሕ የተሟገተውንም በዚሁ ቃል ጠቅልለን፣ ጥርሱን አውልቀን መድረክ ላይ ስናወጣው ነው። ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ከማንም አይጣላም፤ “ለምን ተራበ?” ብሎ የሚጠይቅ ግን ይጣላል። እኛ ደግሞ ማክበር የምንወደው ያልተጣላውን ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን እንውሰድ። በ1980ዎቹ ማብቂያ አንዲት የ14 ዓመት የአርሲ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገደለችው። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፋትን ያገባ ጠላፊ ከክስ የሚያመልጥበትን በር የሚከፍት ነበር። ማኅበሩ ጠበቃ አቆመላት። ሙግቱ ሁለት ዓመት ያህል ተጎትቶ፣ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተሰናበተች። ማኅበሩ ታዲያ “እሰይ፣ ረታን” ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ሕጉ ራሱ ይለወጥ ብሎ ወተወተ። በግንቦት 1997 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግም ያንን ማምለጫ ቀዳዳ ደፈነው።

ለመሆኑ ይህን ለሠሩ ምን ሰጠናቸው? በ1993 ማብቂያ ላይ ማኅበሩ ታገደ፤ እገዳው የተነሣው ከሳምንታት በኋላ ነው። የመሥራቿን የመዓዛ አሸናፊን ልፋት እ.ኤ.አ. በ2003 በሽልማት ያከበረው ሀንገር ፕሮጀክት የተባለው የውጭ ድርጅት ነው። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 621/2001 መጣ፤ በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ አያግኝ ተባለ። የሴቶቹም ማኅበር፣ የኢሰመጉም የባንክ ሒሳብ ታገደ። ኢሰመጉ ከ12 ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙን ዘጋ። “ከአገር ውስጥ ሰብስቡ” ነበር ምክሩ! ለሠርግ ድንኳን የሚረጨውን ብር ለታሳሪ ጠበቃ እንዲሰጥ የምትለምኑትን ነጋዴ ፊት እስቲ አስቡት።

ከኢሰመጉ መሥራቾች ግንባር ቀደሙ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1993ም በ1998ም ታሰሩ። በመስከረም 2013 ሲያርፉ ግን የሐዘን መግለጫው ጎረፈ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ መግለጫ አውጪዎቹን እንጂ ሟቹን አልወቅስም።

እኛ የጥበብ ሰዎች ነን የምንለውም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። የልጅቷን ታሪክ መሠረት ያደረገው “ድፍረት” የተባለው ፊልም በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። በነሐሴ 2006 አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ፤ ከሳሿ ራሷ ባለታሪኳ ነበረች። በኋላ ፊልሙ ታየ፤ ሆኖም ሳይጠይቁ ማክበር ምን ዓይነት ማክበር ነው? (እኔም እዚህ ስሟን ያልጻፍኩት ሳልጠይቃት ስለሆነ ነው።)

“ተሟጋች ሽልማት ምን ይሠራለታል? ለመታየት ነው እንዴ የታገለው?” የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ጨዋ አባባል ይመስላል። ግን ሥልጣን ያለው ሰው በዓለም ፊት የታወቀን ሰው ከማሰሩ በፊት ሁለቴ ያስባል፤ ያልታወቀውን ለማሰር አንዴም አያስብም። የትነበርሽ ንጉሤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገቷ እ.ኤ.አ. በ2017 ያገኘችው ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ትልቅ ክብር ነው፤ የተሰጣት ግን ከስዊድን ነው። ጋሻውን ለምን ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ እንበደራለን? የእኛስ የአባልነት መዋጮ፣ የእኛስ “ለምን ታገዱ?” የሚል ድምፅ የት ሄደ?

አዋጅ 621 በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲሻር ብዙዎቻችን “ያለፈው አለፈ” ብለን ነበር። አልሸሹም ዞር አሉ ሆነና በ2017 ኢሰመጉ እንደገና ለወራት ታገደ፤ ሌሎችም የመብት ድርጅቶች አብረውት ታገዱ። በእነዚያ ወራት ሁለት የሽልማት ምሽቶች ላይ ተገኝቼአለሁ። አበባው ነበር፣ ሙዚቃው ነበር፣ ጭብጨባውም ነበር፤ የታገዱትን በስም ያነሣ አንድ ሰው ግን አልሰማሁም።