ማንገቻው ሰፊ ይሁን

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሃ ሸክም ነው።

ከምንጭ ውሃ የሚቀዱት ብዙ ጊዜ እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ጀሪካኑን በገመድ አስረው ያዝሉታል። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። የ1 ሊትር ውሃ ክብደት 1 ኪሎ ነው። ስለዚህ ጀርባቸው ላይ 20 ኪሎ አለ ማለት ነው። ገመዱ ግን ቀጭን ነው። ትከሻ ይከረክራል፤ ቆዳ ይልጣል፤ እጅ ያደነዝዛል። «ለምደነዋል» ይላሉ። ማታ ትከሻቸውን ሲያሹ ግን እናያለን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ማንገቻም እንደዚሁ ነው። ቀጭን ገመድ ክብደቱን ሁሉ በአንድ ጣት ቦታ ላይ ይጭነዋል። አራት ጣት የሚሰፋ ማንገቻ ያንኑ ክብደት ያከፋፍለዋል። ሸክሙ አይቀንስም፤ ሕመሙ ግን ይቀንሳል።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ያረጀ ጆንያ እንፈልግ። ርዝመቱን አንድ ክንድ፣ ስፋቱን 12 ጣት አድርገን እንቁረጥ። መሐሉ ላይ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ እናንጥፍ። ከዚያ ሦስት ላይ አጥፈን ዳርዳሩን በወስፌና በሲባጎ እንስፋ። ሁለቱን ጫፎች በገመዱ ላይ አጥፈን ደጋግመን እንስፋቸው። ለሌላው ትከሻም እንዲሁ እንሥራ። ሁለቱ እኩል ይሁኑ። አንዱ ካጠረ ሸክሙ ያጋድላል። ቋጠሮም ትከሻ ላይ አይዋል። መጀመሪያ በግማሽ ጀሪካን እንሞክረው።

አባወራዎች ሆይ! ውሃውን ባንቀዳ እንኳ ማንገቻውን መስፋት አያቅተንም።

ይህን ለጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።