የፌስታል ምትክ፦ ከምልክቱ ባሻገር

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ገበያ የተገዛን ዕቃ በፌስታል ቋጥሮ ወደ ቤት መመለስ ለረጅም ዓመታት የቆየ ልማድ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያፀደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት ብቻ የሚውሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን በመከልከሉ ግን ይህን ልማድ መለወጥ ግድ ሆኗል። በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ አስፈፃሚ አካላት ፌስታልን ከገበያ ከማስወጣት ጎን ለጎን ምላሽ ሊሰጡበት የሚገባ ጥያቄ ተደቅኗል። ይኸውም በምትኩ የሚቀርበው ከረጢት በእርግጥ የሚበሰብስ መሆኑ በምን ይረጋገጣል? የሚለው ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል ላይ ገደብ ከመጣሉም በላይ ለገበያ የሚቀርብ ፌስታል የሚበሰብስ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ምልክት እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ይሁንና ስስ ፌስታል ከዚያ በኋላም ከገበያ ሳይጠፋ መቆየቱ ድንጋጌ ያለ ፍተሻ የሚፈለገውን ውጤት እንደማያስገኝ ያመለክታል።

ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ፖሊመር ከሚባሉት ቁሶች አንዱ ነው። ፖሊመር ማለት ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ቀለበት እየተያያዙ የሚፈጥሩት ረጅም ሞለኪውል ነው። ይህንን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1920 ያቀረቡት ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር በ1953 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ከዚያ ወዲህ ሳይንሱ እየተራቀቀ በመምጣቱ ቁሱ እንዲኖረው የሚፈለገውን ባሕርይ፣ ጥንካሬም ይሁን ውኃ መያዝ ወይም መበስበስ፣ ገና ሰንሰለቱ ሲሠራ አስቀድሞ መንደፍ ተችሏል።

የፖሊኢትሊን ሰንሰለት በካርቦንና በካርቦን መካከል ባለ ጠንካራ ትስስር የተገመደ በመሆኑ የአፈር ተህዋስያን በቀላሉ ሊበጥሱት አይችሉም። እንደ ፖሊላክቲክ አሲድ ባሉ ፖሊመሮች ውስጥ ግን ኤስተር የሚባል፣ በውኃና በተህዋስያን ሊፈታ የሚችል ትስስር ይገኛል። ሰንሰለቱ ሲቆራረጥ ተህዋስያን ይመገቡታል። ስለሆነም መበስበስ የሰንሰለቱ ባሕርይ እንጂ በላዩ ላይ የሚታተም ጽሑፍ ውጤት አይደለም።

ለዚህም ኦክሶ በሚል ስም የሚታወቀው ፌስታል ማሳያ ይሆናል። ይህ ምርት እርጅናውን የሚያፋጥን የብረታ ብረት ጨው የተጨመረበት ተራ ፖሊኢትሊን ነው። በፀሐይና በሙቀት ይሰባበራል፤ ሆኖም ስብርባሪው ደቅቆ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል እንጂ በአጭር ጊዜ አይበሰብስም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ ምርቶች ለገበያ እንዳይቀርቡ መከልከሉም ከዚሁ የተነሳ ነው።

በእርግጥ የሚበሰብሱትም ቢሆኑ ተስማሚ ሁኔታ ይሻሉ። ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የአንድ ማሸጊያ ቢያንስ 90 በመቶ በስድስት ወራት ውስጥ እንዲበሰብስ ይጠይቃል። ፍተሻው የሚካሄደው ግን 58 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚሞቅ ኮምፖስት ውስጥ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው እንጅባራ ሜዳ ላይ የተጣለ ከረጢት ይህን ያህል ሙቀት አያገኝም። በመሆኑም ደረጃውን ያሟላ ከረጢት ጭምር በደጋው አፈር ለዓመታት ሊቆይ፣ እስከዚያውም ቦይ ሊዘጋና ከብት ሊጎዳ ይችላል።

ዞኑ ለአማራጭ ጥሬ ዕቃ ባዕድ አይደለም። በአካባቢው በስፋት የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሴሉሎስ ሲሆን ይህም በተፈጥሮ የተሠራ፣ የሚበሰብስ ፖሊመር ነው። ከድንች የሚገኘው ስታርችም እንዲሁ። ይሁንና ድንች በቅድሚያ የአርሶ አደሩ ቤተሰብ ምግብ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ሴሉሎስን ወደ ስስ ሽፋን ለመለወጥ በተለመደው ዘዴ የሚያገለግለው ካርቦን ዳይሰልፋይድም መርዛማ በመሆኑ ጥብቅ ቁጥጥር ይጠይቃል። ስለዚህ ቀርከሃ መኖሩ ብቻ ፋብሪካ ለማቋቋም በቂ ምክንያት አይሆንም።

ከዚህ አኳያ አስፈፃሚ አካላት ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ሦስት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ የግዥ ሰነዶች "የሚበሰብስ" በሚል ቃል ሳይወሰኑ የፖሊመሩን ዓይነት፣ የተፈተነበትን ደረጃና የሙቀት መጠን እንዲገልጹ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ለገበያ የሚቀርቡ ናሙናዎችን በእንጅባራና ከእርሷ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ በምትገኘው በዳንግላ አፈር ቀብሮ በየጊዜው መመርመር ነው። ይህም የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሊያግዝበት የሚችል፣ ከፍተኛ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ፍተሻው እስኪጠናቀቅ ድረስ ኅብረተሰቡ ደጋግሞ ሊገለገልባቸው የሚችሉትን የቀርከሃ ቅርጫትና ዘንቢል ማበረታታት ነው።

አዋጁ ፌስታልን ከገበያ ለማስወጣት የሚያስችል ሥልጣን ሰጥቷል። በስሙ ብቻ የተለየ ሌላ ፌስታል ቦታውን እንዳይዝ ማድረግ ግን ምልክቱን ከማንበብ አልፎ ከረጢቱን በአፈሩ ላይ የሚፈትን አሠራር ይጠይቃል።