ሳንበደር እናስላ

ሰሞኑን እዚህ ኮልፌ የአንድ ተማሪዬ እናት «መምህር፣ ልጄን የግል ኮሌጅ ሌቭል 4 ላስተምረው ነው፤ ብሩን ከዘመድ እበደራለሁ» አሉኝ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ልጅ ሙያ ትልቅ በር ነው።

ግን እናስላ። 60 ሺህ ብር ተበደሩ እንበል። ልጁ 6 ሺህ ደመወዝ ቢያገኝ ዕዳው በ10 ወር አያልቅም። ታክሲና ምሳ ተቀንሶ በወር 1 ሺህ ቢተርፈው 5 ዓመት ይፈጃል፤ ሥራ ፍለጋው ሳይቆጠር!

ስለዚህ መጀመሪያ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ጠይቁ። የግል ከሆነም ወርክሾፑን ሳታዩ፣ ከተመረቁት ስንቱ ሲኦሲ አልፎ ሥራ እንደያዘ ሳትጠይቁ ብር እንዳትከፍሉ። ለእሳቸውም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?